ማንም ያልከፈተው የውሃ በር

ሷሊሕ በአካፋ የተመታው በ2008 ዓ.ም.፣ መጋቢት ሃያ ሦስት ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። የመታው ጠላቱ አልነበረም፤ የእህቱ የዘምዘም ባል ያሕያ ነው።

ኑርሃን ከውሃ ማከፋፈያው ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቃ፣ ሾላ ሥር ተቀምጣ ምሳዋን ትበላ ነበር። ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ ሰምታለች፤ በዚያ ሰሞን ግን በሮቢ ወንዝ ዳር ጭቅጭቅ የማይሰማበት ቀን አልነበረምና ዞራ አላየችም። ያስደነገጣት ከጭቅጭቁ በኋላ የመጣው ድምፅ ነው፤ ብረት እርጥብ ግንድ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ዓይነት የታፈነ ድምፅ። ስትዞር ሷሊሕ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተንበርክኳል፤ በሁለት እጁ አናቱን ይዟል፤ በጣቶቹ መሃል ደም ይንዠቀዠቃል። ያሕያ አካፋውን እንደገና አንሥቷል።

«ያሕያ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም» አለ ሷሊሕ። አልጮኸም፤ የተቆጣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ነበር ያለው።

ሁለተኛው ምት ከጆሮው በላይ አረፈ። ሷሊሕ በግንባሩ ቦዩ ውስጥ ተደፋ። ውሃው ቀልቶ፣ ደሙን ይዞ፣ ወደ ሷሊሕ የገዛ ራሱ የሽንኩርት ማሳ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል የሚያስታውስ ሰው የለም። የላይ ቦይ ሰዎች ከሽንኩርቱ፣ የታች ቦይ ሰዎች ከማሾው መሃል እየሮጡ መጡ። ዱላ ያልያዘ ማጭድ ይዟል፤ ማጭድ ያልያዘ ድንጋይ አንሥቷል። አንዱ ጆሮው ተቆርጦ እየተንጠለጠለ ይሳደባል። አንድ ሽማግሌ በጀርባቸው ሲሚንቶው ላይ ወድቀው ሰው ይረጋግጣቸዋል። ያሕያ አካፋውን ጥሎ፣ ከየአቅጣጫው እየተረገጠ፣ ራሱን እንኳ ሳይከላከል እጆቹን ያይ ነበር። ኑርሃን ዘልላ ቦዩ ውስጥ ገባች፤ ሷሊሕን በኮሌታው ይዛ ፊቱን ከውሃው አወጣች። ዓይኑ ተገልጧል። አፉ በደም አረፋ ይተነፍሳል። የላይ ቦይ ጎረምሶች ነጥቀዋት በቃሬዛ አንሥተው ወደ አስፋልቱ ሮጡ።

ነገሩ እዚህ የደረሰው ከባድ ዓመት ስለነበር ነው። ያለፈው ክረምት አታልሎ አልፏል፤ በልጉ ጭራሽ ቀርቷል። ሮቢ ከድንጋይ ድንጋይ የምትዘል ቀጭን ክር ሆናለች። ሽማግሌዎቹ በሰባ ሰባት እንኳ እንዲህ አልሆነችም ይላሉ። ያቺን ክር ሁለት ቦይ ይሻማታል፤ የላዩና የታቹ።

ለሃያ ሁለት ዓመት ውሃውን ያከፋፈሉት ጋሽ ሞገስ ናቸው፤ የውሃ አባት። ፀሐይና ጥላ እያዩ፣ ለአንዱ ዘግተው ለአንዱ ከፍተው ይኖሩ ነበር። ውሃው ሲያንስ ግን ሰው ሁሉ እጃቸውን ይጠረጥር ጀመር። «ለዘመዳቸው አደሉ» ተባሉ፤ ሌት የቤታቸው ቆርቆሮ በድንጋይ ተደበደበ። እና አንድ ፕሮጀክት በሩን በማሽን አስከፍታለሁ ብሎ ሲመጣ ከሁሉ ቀድመው የመረቁት እሳቸው ናቸው። «ብረት ዘመድ የለውም፤ ይገላግለኝ» አሉ።

ማሽኑን ልትተክል የመጣችው ኑርሃን ናት። የአሊዩ አምባ ልጅ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ምህንድስና ተምራ አዲስ አበባ ባለ ትንሽ ድርጅት ተቀጥራለች። ሥራው ለማስረዳት ቀላል ነበር። አንድ የብረት በር አለ። ሲነሣ ውሃው ወደ ላይ ቦይ ይገባል፤ ሲወርድ ወደ ታች ቦይ ያልፋል። በሩን ሞተር ያንቀሳቅሰዋል፤ ሞተሩን ደግሞ ከመዳፍ የማትበልጥ የኮምፒውተር ቦርድ ታዘዋለች። ቦርዷ ላይ ሊኑክስ የተባለውን ማዘዣ ሥርዓት የጫነችው፣ የትኛው ፒን፣ ማለት የትኛው የብረት እግሯ፣ ለየትኛው ሽቦ እንደሚያገለግል በማዋቀሪያ ፋይሎቹ ውስጥ አንድ በአንድ የጻፈችው ኑርሃን ናት። ሦስት ቀን ለላይ፣ ሦስት ቀን ለታች። አምስት ወር ያለ እንከን ሠራ። ሰዎቹ ሲያልፉ ቦርዷ ያለችበትን ሳጥን «ዳኛው» እያሉ መጥራት ጀምረው ነበር።

የካቲት ሲያልቅ ሙቀቱ በረታና ቦርዷን ከሞተሩ ጋር የምታገናኘው ትንሽ የዩኤስቢ መሸጋገሪያ ተቃጠለች። ሌላ እስኪላክ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ተባለ። ሁለት ሳምንት በዚያ ድርቅ ዕድሜ ነው። ኑርሃን ቦርዷ ራሷ ለእንዲህ ያለ መልእክት የሚሆኑ ሁለት ፒኖች እንዳሏት ታውቃለች። የሞተሩን ሽቦዎች እዚያ ላይ ሰካች፤ አንድ ፋይል ላይ አንድ መስመር ቀየረች፤ በሩን አንሥታ አውርዳ ሞከረችው። ሠራ። «ጎበዝ! አዳንሽን» አላት አለቃዋ ሚኪያስ በስልክ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት ሳምንታት በሩ በታች ቦይ ተራ አራት ጊዜ ተከፍቶ ተገኘ። የሳጥኑ መስኮት ግን «በሩ ዝግ ነው» ይላል። ኑርሃን መዝገቡን አየች፤ ማሽኑ ክፈት ብሎ ያዘዘበት ሰዓት የለም። ሁለቱም ወገን ተሰብስበው አፋጠጧት። «ማሽኑ አልከፈተም» አለች። «እንግዲህ በእጅ ማንሻው ተከፍቶ ይሆናል።»

የማንንም ስም አልጠራችም። መጥራት አላስፈለጋትም። ከበሩ አጠገብ ያለው ቤት የሷሊሕ ብቻ ነው። መጋቢት ሃያ ሦስት ቀን፣ በታች ቦዩ በያሕያ ተራ፣ በሩ ለአምስተኛ ጊዜ ተከፍቶ ተገኘ።

ሷሊሕ ወደ ሐኪም ቤት እንደተወሰደ፣ ማከፋፈያው ዳር የቀረው ሰው የሚመታው አጣ። አንድ ደረጄ የሚባል የታች ቦይ ሰው ነው መጀመሪያ ያያት፤ እስከ ጉልበቷ ረጥባ፣ ልብሷ በሷሊሕ ደም ተለውሶ ቆማለች።

«ይቺ ናት!» አለ። «በስልኳ ነው የምትከፍትላቸው! መስኮቱን ዝግ ነው እያስባለች!»

ስልኳን ነጥቆ ሲሚንቶው ላይ ፈጠፈጠው። ኑርሃን «ኧረ ስሙኝ» ከማለቷ ሻሿን ከነጸጉሯ ይዘው ጎተቷት። ወደቀች። የመጀመሪያው እርግጫ ጎኗ ላይ ነበር፤ የቀሩትን አልቆጠረችም። ግራ እጇን መሬት ላይ ዘርግታ ልትነሣ ስትል አንድ ተረከዝ ጣቶቿ ላይ ወረደ፤ ሁለቱ ሲሰበሩ ሰማች። የላይ ቦይ ሰዎችም ከመሃል አሉበት። «እሷ ናት ሷሊሕን ሌባ ያስባለችው» ይላሉ። በአንድ ነገር ላይ ሁለቱ ቦዮች የተስማሙት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ከላይዋ ከባድ ነገር ወደቀባት። ጋሽ ሞገስ ናቸው፤ እንዳለ ሰውነታቸውን ጥለውባታል። «በእመቤቴ! በእመቤቴ ይዣችኋለሁ!» ይላሉ። ለእሷ የተሰነዘረ ዱላ ክንዳቸው ላይ አርፎ አጥንቱን እንደ አገዳ ቀጨው። ሽማግሌው ጮኹ፤ ግን አልተነሡም። ሚሊሻው ደርሶ ወደ ሰማይ ሁለት ጥይት እስኪተኩስ ድረስ ከላይዋ አልተነሡም።

በማግስቱ ጣቶቿን አሳስራ ወደ ጋሽ ሞገስ ቤት ሄደች። ወጌሻ ክንዳቸውን በቀርከሃ አስሮላቸው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው እትዬ ፈለቀች ኑርሃንን አይተው አላቀፏትም፤ አላባረሯትምም። ጠጅ ሳር የተጎዘጎዘበት መደብ ላይ ቦታ ሰጧት።

በጋሽ ሞገስ ስልክ ሚኪያስ ደወለ። «ስሚኝ ኑርሃን፤ የመብራት መዋዠቅ ነው በይ። የሀገር መብራት ማን ይከሰዋል? ነገ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዢና ነይ። ሳጥኑ ይቆየን።»

«ሰው ሊሞት ነው እኮ፣ ሚኪያስ።»

«እኛ አልመታነውም» አለ ሚኪያስ።

ስልኩን ስትመልስ ጋሽ ሞገስ እያዩዋት ነበር። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ። «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ያን በር ስጠብቅ ኖሬ፣ ዛሬም ዓይኔ እዚያው ነው። አራቱንም ቀን ቆጥሬያለሁ፤ ትላንት አምስተኛው ነው። በሩ የሚከፈተው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ሲሄድ አይደለም። ሲመጣ።»

ኑርሃን ቦርሳዋን ወደ ራሷ ጎተተች። ቦርሳዋ ውስጥ ሁለተኛ ቦርድ አለ፤ ለመጠባበቂያ የያዘችው፣ እንደ መጀመሪያዋ የተዋቀረ። በአንድ እጇ እየታገለች አወጣችው። ሞተሩ በመጀመሪያዋ ላይ በተሰካባቸው ዓይነት ፒኖች ላይ የላፕቶፗን ገመድ ሰካች፤ ሞተሩ የሚሰማውን ሁሉ ልትሰማ። ቦርዷን ከእትዬ ፈለቀች ሶኬት ላይ ሰክታ አበራች።

ገና መብራቱ ከመንካቱ በላፕቶፑ ላይ ጽሑፍ ጎረፈ። ቦርዷ ከእንቅልፏ ስትነቃ «እኔ እገሌ ነኝ፣ ይህን አገኘሁ፣ እዚህ ደረስኩ» እያለች ለጠጋኝ የምትናገረው ንግግር ነው። እነዚያ ሁለት ፒኖች ለዚሁ የተመደቡ ናቸው። ኑርሃን ይህን ታውቅ ነበር። ሽቦውን ስታዛውር በመጨረሻ ላይ የመግቢያ ስም የሚጠይቀውን ክፍል አጥፍታዋለች። ከእሱ በፊት የሚመጣውን ግን ረሳችው።

ሞተሩ የሚያውቀው ሁለት የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው። «ዩ» ሲሰማ በሩን ያነሣል፤ «ዲ» ሲሰማ ያወርዳል። አንዱን ከጀመረ ሳይጨርስ ሌላ አይሰማም። ቦርዷ ደግሞ ስትነቃ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠራው ቀስቃሽ ፕሮግራሟን ነው፤ ስሙ ዩ-ቡት ይባላል። የመጀመሪያው ፊደል «ዩ» ነው። በሩ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪጨርስ ቦርዷ ተናግራ ጨርሳ ዝም ትላለች። በሩ የት እንዳለ የምታይበት ዓይን የላትም፤ የምታውቀው አውቃ ያዘዘችውን ብቻ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «ዝግ» ትላለች። አልዋሸችም።

ኑርሃን ቦርዷን አጥፍታ እንደገና አበራች፤ ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ያው «ዩ» ነው። 

በሦስተኛው ቀን ሷሊሕ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሞተ። ጀናዛው በአይሱዙ ጭነት መኪና ጣርማ በርን ተሻግሮ ወረደ። በቀብሩ ዕለት ከላይ ቦይ በቀር የመጣ ሰው ጥቂት ነው። ገበያ ላይ «የውሃ ሌባው ሞተ» ይባል ነበር። የሷሊሕ ታናሽ ወንድም አብዱሰላም ጀውሃ ላይ የነበረውን ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ከያሕያ ወንድሞች አንዱን ሳይጥል ጢሙን እንደማይላጭ በቀብሩ ላይ ማለ። ያሕያ ታስሯል። ወንድሞቹ በራቸውን ዘግተው ክላሽ ታጥቀው ተቀመጡ። ዘምዘም ከባሏ ቤት ወጥታ ወደ እናቷ ቤት ገባች፤ ወንድሟን ከገደለው ሰው የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች ይዛ።

ኑርሃን አውቶቡስ አልያዘችም። ደም ሲፈስ የሚያስታርቁት አበጋር ሼህ አሊዪ ናቸው፤ እሳቸው ቤት ሄደች። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ሼህ አሊዪ የሙሰባሃ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ሰሟት። ስለ ፒኑና ስለ ፊደሉ የገባቸው አይመስልም ነበር፤ ስትጨርስ ግን የጠየቁት ሁሉን እንደገባቸው ያሳያል።

«ይህን ካንቺ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«የለም።»

«ዝም ብለሽ ብትሄጅ የሚደርስበት ሰውስ?»

«አይደርስበትም፣ አባ።»

«ሷሊሕ ግን ሌባ ሆኖ ይቀራል።»

«አዎ» አለች ኑርሃን። «ለዚያ ነው የመጣሁት።»

ሼህ አሊዪ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «ከተናገርሽ ደሙ ወደ አንቺ ይዞራል፤ ታውቂያለሽ?» አሉ። እሷም ራሷን ነቀነቀች።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሁለቱም ቦይ ማከፋፈያው ዳር ተሰበሰበ። ላዩ በወዲህ፣ ታቹ በወዲያ፤ በመሃል ስድስት ፖሊስና ሚሊሻው። መሣሪያና ዱላ ውጭ ይቀመጥ ተብሎ ነበር፤ ያልሰማ ብዙ ነው። ሴቶቹ ኮረብታዋ ላይ ቆመዋል፤ ዘምዘምም ጥቁር ተከናንባ አለች።

ኑርሃን ስልክ እንዳልያዘች ሁሉም አየ። እጆቿን ወደ ላይ አንሥታ፣ የታሰሩት ጣቶቿ ነጭ ሆነው እየታዩ፣ ከሳጥኑ ሃምሳ እርምጃ ርቃ ቆመች። የእጅ ማንሻው ተነቅሎ ፖሊሱ ያዘው። በሩ ወርዷል። ሼህ አሊዪ ራሳቸው ሳጥኑ ወዳለበት የብሎኬት ቤት ገብተው መብራቱን አጠፉ። እስከ ሃያ ቆጠሩ። አበሩት።

ሁለት ትንፋሽ ያህል ምንም የለም። ከዚያ ሞተሩ አጓራ። የብረቱ በር፣ ማንም ሳይነካው፣ እየተንቀጫቀጨ ወደ ላይ ወጣ። ውሃው ዞሮ ወደ ላይ ቦይ ገባ።

 ደረጄ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ከኮረብታዋ አንዲት ሴት «ያ ረቢ!» ስትል ተሰማ።

«ሷሊሕ አልከፈተም» አለች ኑርሃን ጮክ ብላ። «ማንም አልከፈተም። ሽቦውን ያዛወርኩት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ‹በእጅ ተከፍቶ ይሆናል› ብዬ ሷሊሕን ያስጠረጠርኩትም እኔ ነኝ። ሌባ አልነበረም።»

ከዚያ ሳጥኑ ወዳለበት ቤት ገባች፤ ማንም አላስቆማትም። የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች ከነዚያ ፒኖች ነቅላ፣ ቦርዷ ስትነቃ ምንም በማትናገርባቸው ሌሎች ሁለት ፒኖች ላይ ሰካች። ማዋቀሪያው ውስጥ እነዚያን ፒኖች ለሞተሩ የሚከፍት መስመር ጻፈች፤ ፕሮግራሙም ወደዚያ እንዲናገር አንድ ቃል ቀየረች። በአንድ እጅ ነውና ቀስ ብላ ነው የሠራችው። ውጭ ያለው ሕዝብ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቀ። ላብና እንባዋ ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በሩን አወረደችውና ወጣች። ሼህ አሊዪ እንደገና አጠፉ፤ እንደገና አበሩ።

በሩ አልተነሣም። ጠበቁ። ጭራሽ አልተነሣም።

ያን ጊዜ ነው አብዱሰላም የተንቀሳቀሰው። በሩ ሲነሣ ያላለውን፣ ሳይነሣ ሲቀር አለው።

«ጨረስሽ?» አለ። «ይሄው ነው? ይሄን ያህል ነው?» ድምፁ መጀመሪያ ለስላሳ ነበር። «ሃያ ደቂቃ! የወንድሜ ነፍስ ሃያ ደቂቃ ነበረች?»

ፖሊሶቹ ለያሕያ ወንድሞች እንጂ ለእሷ አልተዘጋጁም ነበር። አብዱሰላም የያዘው ሽመል ጫፉ ላይ ብረት አለው። ኑርሃን ሲመጣባት አየችው። አገጯ ላይ አረፈ። አፏ በአንድ ጊዜ በደምና በጥርስ ሞላ። ሁለተኛው አንገትና ትከሻዋ መሃል ወረደ፤ የትከሻዋ አጥንት ሲሰበር ግራ ክንዷ እንደ ሌላ ሰው ክንድ ወደቀ። በጉልበቷ ተደፋች። ከግራና ከቀኝ ሰዉ ተደበላለቀ። ጥይት ተተኮሰ። ሽሽት ላይ የነበሩ ሰዎች እየተገፋፉ ቦዩ ውስጥ ተረገጡ፤ አንድ ሚሊሻ አብዱሰላምን በሰደፍ ግንባሩን ከፈተው፤ እሱ ግን ደሙን ከዓይኑ ላይ እየጠረገ ለሦስተኛ ጊዜ ሽመሉን አነሣ።

ከኮረብታዋ የወረደችው ዘምዘም ናት። እንዴት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። ኑርሃን ላይ ተደፍታ ወደ ወንድሟ ቀና አለች።

«ምታ!» አለችው። «ምታ እንጂ! አንዱ ወንድሜ ከአፈር ገባ፤ ባሌ ታሰረ፤ አንተም ገድለህ እስር ቤት ግባና ልጆቼን ማን ያሳድግልኝ! ምታ አልኩህ!»

ሽመሉ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ አብዱሰላም እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ፖሊሶቹ እያለቀሰ ነው የያዙት።

ኑርሃን ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። መንጋጋዋ በሽቦ ታስሯል፤ መናገር አትችልም። ዘምዘም አንድ ቀን ወደ ክፍሉ ገባች። አልጋው ግርጌ ቆማ ብዙ አየቻት።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «እንዳይመስልሽ።» ኑርሃን በዓይኗ አዎ አለች። «ያሕያን ጠይቄው መጣሁ። ነግረውታል፤ በሩ ብቻውን እንደተነሣ። ግድግዳ ላይ ራሱን ሲፈጠፍጥ አስረው ነው ያሳደሩት። ‹እኔ አይደለሁም ሲለኝ ሰምቼው ነበር› ይላል። ‹ሰምቼው ነበር› ይላል፤ ሌላ ነገር አይወጣውም።» ከዚያ ድንገት ጎንበስ ብላ ኑርሃንን ባልተጎዳው ጉንጯ በጥፊ መታቻት፤ ኃይለኛ አልነበረም። ተመልሳ ወጣች። ነርሷ ስትጮህ ኑርሃን በደህናው እጇ ተያት የሚል ምልክት አሳየቻት።

ፖሊስ ቃሏን ሊቀበል ሲመጣ አብዱሰላምን አልከሰሰችም። የሽቦውን ነገር ግን ከነ ቀኑ ጽፋ ፈረመች። ሚኪያስ ስለ ወረቀቱ ሲሰማ ከሥራ እንዳሰናበታት በመልእክት ነገራት። ያሕያ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። በሩን በእጅ ወደ ማንሳትና ማውረድ ተመለሱ፤ ጋሽ ሞገስ አንድ ክንዳቸው ጠምሞ ቀርቷል፤ ማንሻውን ሌሎች ያዞሩላቸዋል፤ እሳቸው «በቃ» ሲሉ ይቆማል።

ሐምሌ ላይ ዝናብ ጣለ። ሼህ አሊዪ ደሙን ለማድረቅ ሁለቱን ወገን ዋርካ ሥር ቀጠሩ። የያሕያ ወንድሞች እንደ ወጉ በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው በጉልበታቸው መጡ። ከኋላቸው አንዲት ሴት ነበረች። ኑርሃን ድንጋይ ተሸክማለች፤ ማንም ተሸከሚ አላላትም። ትከሻዋ ገና አልዳነምና ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ነው የምትሄደው።

አብዱሰላም በዋስ ተለቆ በሟቹ ወገን ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ፤ ጢሙ አድጓል። የያሕያን ወንድሞች ድንጋይ አንድ በአንድ አወረደ፤ «ለአላህ ብያለሁ» እያለ። ኑርሃን ጋ ሲደርስ ቆመ። እጁን አልዘረጋም። ሰው ሁሉ ጠበቀ፤ ሼህ አሊዪም አላዘዙትም።

«ያን ቀን ያልሽውን በይው» አላት።

መንጋጋዋ ገና ጠማማ ነው፤ የጎደሉት ጥርሶቿ ፊደሉን ያበላሹታል። «ሷሊሕ ሌባ አልነበረም» አለች።

«አልተሰማም።»

«ሷሊሕ ሌባ አልነበረም።»

«የወንድሜ ልጆች እዚያ ጋ ናቸው። ለነሱ በይው።»

ኑርሃን ወደ ልጆቹ ዞረች። ሦስት ናቸው፤ ትንሹ በጣቱ ጭቃ ይጭራል። ከጉልበቷ ሳትነሣ ለሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብላ አለችው። አብዱሰላም ያን ጊዜ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከአንገቷ ላይ አነሣ። «ለአላህ ብያለሁ» የሚለውን ግን ለእሷ አላለውም፤ ሼህ አሊዪም ያላስተዋሉ መስለው የፋቲሐ ዱዓ አስጀመሩ።

የታረደው በሬ ሥጋ ሲቀርብ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ትሪ በሉ። ኑርሃን ማኘክ አትችልምና ዳር ተቀምጣ ታይ ነበር። ዘምዘም ቀና ብላ ሳታያት መጥታ ከፊቷ አንድ ጎድጓዳ ሳህን መረቅ አኖረችና ወደ ልጆቿ ሄደች። ትኩስ ነበር። ኑርሃን በደህናው እጇ ይዛ በቀስታ ጠጣችው።